«ትሬይን አርጌ ነው የማገባት!»

የዛሬው ጨዋታዬ ስለ እንግሊዝኛ ነው። ቆይ፣ ገጹን አትግለጡት! ግራመር ላስተምራችሁ አይደለም፤ ደግሞስ 12ኛን ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩ ሰው ምን ቆርጦኝ! የማወራችሁ ስለ ጋብቻ ነው። ብቻ ነገሩ የተበላሸው በአንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ምክንያት ስለሆነ በዚያው በኩል መዞሬ ግድ ነው።

ቦታው ጎንደር ፒያሳ፣ ጣሊያን ሠርቷቸው ከሄዱት ሕንፃዎች በአንዱ ሥር ያለች ካፌ በረንዳ ነው። አራት ሆነን ማኪያቶ ይዘናል። አንዱ የሰፈሬ ልጅ ነው፤ አብረን ፊደል የቆጠርን፣ አሁን በአንድ መሥሪያ ቤት ጥሩ ወንበር ያገኘ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ። አጠገቡ እጮኛው ተቀምጣለች። ከዳባት ወዲያ ካለ የደጋ ቀበሌ መጥታ፣ ጎንደር ዘመድ ቤት ተቀምጣ 10ኛ ክፍልን የጨረሰች፣ አሁን ልብስ መሸጫ ሱቅ ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ ነች። ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች።

«እህስ፣ ሰርጉ መቼ ነው?» አልኩት። መቼም ይህን ሳይጠይቅ ከጠረጴዛ የሚነሳ የጎንደር ሰው የለም።

«ምን ያጣድፍሻል!» አለኝ በዓይኑ ወደ እሷ ጠቀስ አድርጎ። «ገና ትሬይን እያደረግኋት ነው። ትሬይን አርጌ ነው የማገባት!»

ጠረጴዛው በሳቅ ሞቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም። እሷም ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ መሸት ሲል፣ ልጅቷ ብቻዋን ቤቴ መጣች። ቡና አፍልቼ ነበር። ሁለተኛው እስኪቀዳ ዝም ብላ ቆየችና፣

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ትሬይን ማለት ባቡር አይደል እንዴ?» አለችኝ።

«ነው።»

«ታዲያ ባቡር ሊያደርገኝ ነው?»

ሳቄ መጣ። እሷ ባደገችበት አገር «ባቡር» ሲባል በሐዲድ የሚሄደው አይደለም፤ እህል የሚፈጨው የሞተር ወፍጮ ነው። «ባቡር ቤት ሄደች» ማለት ጤፏን ልታስፈጭ ሄደች ማለት ነው። እና በእሷ ጆሮ እጮኛዋ በሰው ፊት «ፈጭቼ ነው የማገባት» ብሎ ነበር!

እሷ ግን አልሳቀችም። «ያን ቀን ሁላችሁም ስትስቁ እኔም ሳቅኩ። በምን እንደሳቅኩ ግን አላውቅም» አለችኝ።

ይህች ቃሏ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች። ሰው በራሱ ላይ የተቀለደውን ቀልድ ሳያውቀው አብሮ ሲስቅ ማየትን የመሰለ የሚያሳፍር ነገር የለም። አፋሪዋ ደግሞ እሷ ሳትሆን እኔ ነበርኩ፤ ምክንያቱም እኔ ቃሉን አውቀው ነበር።

ተነስቼ የአምሳሉ አክሊሉን መዝገበ ቃላት ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረድኩ። ሽፋኑ ከተገነጠለ ቆይቷል፣ በፕላስተር ነው የቆመው። ያን ማታ ከመጽሐፉ፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ ወዳጆቼን እያሰለቸሁ የለቀምኩት ይህን ይመስላል።

ትሬይን የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ የገባ ነው፤ ሥሩ መጎተት ማለት ነው። ባቡሩም ስሙን ያገኘው ፉርጎዎቹን አስከትሎ ስለሚጎትት ነው። ረጅም ቀሚስ መሬት ለመሬት የሚጎተተው ጭራውም በእንግሊዝኛ ትሬይን ይባላል። (ይቺን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።) አትክልተኛ የወይን ሐረግ ጎተት አድርጎ፣ ከእንጨት አስሮ፣ እሱ በፈለገው በኩል እንዲያድግ ሲያደርገው ትሬይን አደረገው ይባላል። ሰውን ማሰልጠን የሚለው ትርጉምም ከዚሁ ከሐረጉ እንደመጣ ነው የሚነገረው።

ዛሬ በእንግሊዝኛ ነርስ ትሬይን ትደረጋለች፣ ፓይለት ትሬይን ይደረጋል፣ ፈረስና ውሻ ትሬይን ይደረጋሉ፣ ሕፃን ልጅም ፖፖ ላይ መቀመጥን ትሬይን ይደረጋል። ነርሷን ምንም አይነካትም፤ ሙያዋ ነው፣ ወዳና ፈቅዳ የገባችበት ነው። ነገር ግን አንድ ፈረንጅ ተነስቶ «እጮኛዬን ትሬይን እያደረግኋት ነው» ቢል አጠገቡ ያሉት ፈረንጆች ማኪያቷቸው ያንቃቸዋል። ውሻ ነች እንዴ? ነው የሚሉት። ሙያ ሳይጠቀስ ሰው ብቻውን ትሬይን ሲደረግ፣ የመጨረሻ ቅርጹን አንድ ሌላ ሰው አስቀድሞ ቆርጦለታል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ለልጅቷ እንዴት አድርጌ ልንገራት? «በእኛ መግራት እንደሚባለው ነው» አልኳት።

መግራት የገበሬ ልጅ አይጠፋትም። ወይፈኑ መጀመሪያ ቀንበር ሲጫንበት ለብቻው አይደለም፤ ከለመደው በሬ ጋር ይጠመዳል። እየጎተተው፣ እየጎተተው፣ ሲብስም በጅራፍ፣ ትልሙን ይለምዳል። ልጅቷ ስኒዋን አስቀመጠችና፣

«ታዲያ እኔ ወይፈን ነኝ?» አለች።

መልስ አልነበረኝም። እሷ ግን ቀጠለች፦ «እናቴ እንጀራ ስታሳየኝ ‹ነይ እዪ› ነው ያለችኝ። አንድም ቀን ላሰልጥንሽ ብላኝ አታውቅም። አየሁ። ሞከርኩ። የመጀመሪያዎቹ ተቃጠሉ፣ ለውሻ ሰጠናቸው። አራተኛው ዓይን አወጣ። በቃ።»

የሚገርማችሁ፣ ይህች 10ኛ ክፍል ላይ ያቆመች ልጅ ሳታውቀው የእንግሊዞችን ጥንታዊ ነገር ተናግራ ነበር። ቲች፣ ማስተማር የሚሉት ቃላቸው፣ በድሮው እንግሊዝኛ ማሳየት ማለት ነበር። «ነይ እዪ!» ዛሬም ቢሆን በየቤቱ፣ በየሰፈሩ፣ ፈረንጅ ስልኩ ሲያስቸግረው ጓደኛውን ትሬይን አድርገኝ አይለውም፣ ኢኩዊፕ አድርገኝማ ጭራሽ አይለውም። «እንዴት እንደሆነ አሳየኝ» ነው የሚለው። ትልልቆቹን ግሶች ለመሥሪያ ቤት ወረቀት ያስቀምጧቸዋል። እኛ ነን ከወረቀቱ አውጥተን ማኪያቶ ላይ የምንጥዳቸው!

ለመሆኑ ልጁ ምን ነበር የሚያሰለጥናት? ጠየቅኋት። ሹካ አያያዝ። ባልደረቦቹ ሲመጡ «ሃይ» ማለት። ስትደነግጥ «ዋ!» አለማለት። ስትስቅ አፏን አለመሸፈን።

«ሹካውን ለምጄዋለሁ፣ ደግሞም ደስ ይላል። ሳቄን ግን ምን ላድርገው?» አለችኝ።

ያን ማታ ከእሷ የሰማሁት የመጨረሻው ነገር ግን አስደነገጠኝ። ሽማግሌዎቹ ከዳባት ከመምጣታቸው በፊት ቀለበቱን ልትመልስ አስባ ነበር። ለእናቷም ሳትናገር፣ ለማንም ሳትናገር። በአንዲት ቃል!

እንግዲህ የጨዋታ ወግ ነውና የልጁንም እንስማ። እኔ ሴት ስለሆንኩ ብቻ በእሱ ላይ መፍረድ አልፈለግሁም። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይዤው ወጣሁና በፋሲል ግንብ አጥር ሥር እየተዘዋወርን ጉዳዩን አነሳሁበት። መጀመሪያ ተቆጣ። «ለእሷው ብዬ እኮ ነው! እኛ መሥሪያ ቤት እኮ ሁሉም ሰው ትሬይን ይደረጋል። እኔም ተደርጌአለሁ።» ቀጥሎ ዝም አለ። ከዚያ በልጅነታችንም ያልነገረኝን አንድ ነገር ነገረኝ።

ከዓመታት በፊት አንድ ቦታ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ቀርቦ ነበር። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ነው። ኮምፒዩተር የት ተማርክ? ሲሉት፣ ወንድሜ አስተማረኝ ሊል ፈልጎ «ማይ ብራዘር ለርንድ ሚ» አለ። አንደኛዋ ፈገግ አለች። ማታ ማታ ምን ትሠራለህ? ሲሉት ደግሞ ለፈተና እየተዘጋጀሁ ነው ሊል «አይ አም ፕሪፔሪንግ ዘ ኤግዛም» አላቸው። «ኦ! ፈተናውን የምታወጣው አንተ ነህ ማለት ነው?» አለ መሐል የተቀመጠው፣ ሦስቱም ሳቁ። እሱም አብሮ ሳቀ።

«ምን እንዳሳቃቸው የገባኝ ቤቴ ከደረስኩ በኋላ ነው» አለኝ።

አያችሁልኝ! ልክ እንደ እሷ፣ ያልገባውን ሳቅ አብሮ ስቆ ወጥቷል። እና ሚስቱ በባልደረቦቹ ፊት እንደዚያ እንዳትሆን ነበር ሹካውም «ሃይ»ውም። ክፋት አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር። እኔ ይህን ስሰማ ግማሹ ንዴቴ ወረደ። ግማሹ ግን አልወረደም።

በነገራችን ላይ ሁለቱም ስህተቶቹ የሞኝ ስህተት አይደሉም፤ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ የሚወድቅባቸው ጉድጓዶች ናቸው። እኛ ግሳችን አንድ ሥር ይዞ ከፊቱ ፊደል ይቀያይራል። ተማረ፣ አስተማረ። ሰለጠነ፣ አሰለጠነ። ታጠቀ፣ አስታጠቀ። ተሰናዳ፣ አሰናዳ። ማን ለማን እንደሠራው ከፊደሏ ይታወቃል። እንግሊዝ ደግሞ የተማረውን ለርን፣ ያስተማረውን ቲች ብሎ ቃሉን ከነሥሩ ይለውጠዋል። የእኛ ልጅ አንዱን ቃል ይዞ ሁለቱንም ሊሠራበት ይሞክራል። (ድሮ ድሮ እንግሊዞቹ ራሳቸው ለርን የሚለውን ለማስተማርም ይሉት ነበር። ዛሬ እንደዚያ የሚናገር አገሬው ቢኖር እንኳ ትምህርት እንዳልዘለቀው ይቆጠራል።) ፕሪፔርም እንደዚሁ ነው። እኛ «ለፈተና ተዘጋጀሁ» ስንል «ለ» እና «ተ» ሥራቸውን ይሠራሉ። በእንግሊዝኛ ያችን «ፎር» የምትባል ትንሽ ቃል ከጣልናት ተፈታኙ ሳንሆን ፈተናውን አውጪው እንሆናለን።

ፕሪፔርን ካነሳሁ አይቀር አንድ የራሴን ልተንፍስ። የእኔ ዘመን ተማሪ 11ኛና 12ኛ ክፍልን «ፕሪፓራቶሪ» ብሎ ነው የተማረው፤ በአማርኛው መሰናዶ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ያመጣው ነገር ነው፣ አሁን ስሙ ቀርቶ መደበኛ ሁለተኛ ደረጃ ሆኗል። ለዩኒቨርሲቲ ነበር የሚያሰናዱን። ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ የቀረውስ ለምን ተሰናዳ? ጓዙን ጠቅልሎ፣ አልጋ አስሮ፣ መኪናው ሳይመጣ በር ላይ እንደቀረ ሰው ነው። ይህን ስል ማልቀሴ አይደለም፣ አልፏል።

ወደ ግንቡ ልመለስ። ልጁ መከራከር ጀመረ። «ደግሞስ ሥልጠና ምን ነውር አለው? ጎንደር ራሷ በሥልጠና አይደል እንዴ ስሟ የገነነው?» አለኝ። እውነቱን ነው! በፈረንጆቹ 1953 በደምቢያ፣ በቆላድባ አካባቢ፣ የወባ ወረርሽኝ ተነስቶ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ። በዓመቱ፣ በ1954፣ ጎንደር ላይ የጤና ኮሌጁ ተከፈተ፤ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ። በመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ስሙ ውስጥ «ትሬይኒንግ ሴንተር» የሚል አለበት። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን የሚባለው የአካባቢ ጤና ባለሙያ እዚያ ሠለጠኑ። ልብ በሉ፣ ክፍል ውስጥ ብቻ አልነበረም። በቡድን ሆነው ገጠር ጤና ጣቢያ ይወጣሉ፤ ተማሪዎቹ ቲቲፒ ይሉታል። አንዷ እናት ስታዋልድ፣ አንዱ ምንጭ ሲያጎለብት፣ አንዱ በሽተኛ ሲያይ፣ አብረው ይሠራሉ።

«ታዲያ ይኸው!» አለኝ።

«ይኸውማ» አልኩት፣ «እነሱን ባዶ እጃቸውን አይደለም የላኳቸው። መርፌውም፣ መድኃኒቱም፣ ጤና ጣቢያውም ነበራቸው። ደግሞ ከነርሷ ሳቋን አልቀሟትም።»

ደግሞ ከዚያ ሁሉ በፊት ጎንደር ሌላ ትምህርት ቤት ነበራት፣ ዛሬም አላት። በአታን ማን ያጣዋል? ከየአገሩ የመጣ የቆሎ ተማሪ አቋቋም የሚያስመሰክረው እዚያ ነው። «ያስመሰክራል» የምትለዋን ቃል ተመልከቱልኝ። ትሬይን ተደረገ፣ ሰርተፊኬት ወሰደ አይባልም፤ አስመሰከረ ነው። ሊቃውንቱ ፊት ቆሞ፣ ማወቁን አሳይቶ፣ ምስክር አቁሞ ነው የሚወጣው። ተማሪው ከቤቱ ሲወጣም እናቱ ስንቁን ትቋጥርለታለች። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ። ትከሻው ላይ ደበሎ፣ ጎኑ ላይ አኮፋዳ፣ እጁ ላይ የውሻ መከላከያ ዱላ። እንግሊዞች ኢኩዊፕ የሚሉት እንግዲህ ይህ ነው። በእነሱ ቋንቋ ነገሩ መርከብን ለጉዞ ከማሰናዳት ጋር የመጣ ነው፤ ሸራውን፣ ገመዱን፣ ስንቁን፣ ሰዉን ሁሉ አሟልቶ። በእኛ ደጋ መርከብ የለም። ስንቅ መቋጠር ግን አለ።

ኢኩዊፕ ስል አንድ ገጠመኝ ትዝ አለኝ፤ ለልጁም እዚያው አጥር ሥር ሆኜ አጫወትኩት። ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ፣ አንድ ድርጅት በሰሜን ደጋ በአንዲት የወረዳ ከተማ ለሁለት ቀን ትሬይኒንግ ጠርቶ፣ እኔ ለቃለ ጉባኤ ያዥነት ሄጄ ነበር። ቀኑ ብርድ ነው፣ አዳራሹ ቆርቆሮ ነው፣ ሰዉ ጋቢውን ተከናንቦ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድሯል። አሰልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነው። እንግሊዝኛ የተጻፈበትን ወረቀት እያየ በአማርኛ ይተረጉማል። ኢኩዊፕ የምትለዋ ላይ ሲደርስ ምንም ሳይጠራጠር፣

«በእነዚህ ሁለት ቀናት እናስታጥቃችኋለን!» አለ።

ዝም። ዝንብ ብትበር ትሰማ ነበር። ከኋላ አንድ ጢማቸው የሸበተ አባት ዱላቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ።

«ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ። ምንሽር ነው ወይስ ክላሽ?»

አዳራሹ ፈረሰ! ሴቶቹ በመቀነታቸው ጫፍ እንባቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። የወረዳው ተወካይ ብቻ አልሳቀም፤ ፊቱ ቅጠል መስሏል። ያ ምስኪን ወጣት «አይ አባባ፣ በክህሎት ነው፣ በዕውቀት…» እያለ ተርበተበተ። እዚያ አገር ላይ «አስታጠቀ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማን ይንገረው? ሥሩ ወገብ ማሰር ነው፣ መቀነትም ይታጠቃሉ። ለደጋው ሰው ግን የታጠቀ ሰው ማለት ሌላ ሰው ነው።

ሽማግሌው ግን አልተቀመጡም። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁና በለሆሳስ እንዲህ አሉ፦

«አይክፋህ፣ ቀልዴን ነው። ግን ነገሩን ካነሳኸው፣ አምና የንብ ትሬይኒንግ ብላችሁ ነበር። መጣን፣ ተቀመጥን፣ ስለ ዘመናዊው ቀፎ በሥዕል አየን፣ አበላችንን ወስደን ገባን። ቀፎው ግን አልመጣም። ካቻምናም እንዲሁ ነበር። ጎረቤቴ አራት ወረቀት አለው፣ ግድግዳው ላይ ለጥፏቸዋል። እና ልጄ፣ አሰልጥናችሁናል። አላስታጠቃችሁንም።»

እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥዋ ይህን ቃል በቃል ጻፍኩት። በመጨረሻው ሪፖርት ላይ ግን አላየሁትም። «ተሳታፊዎች ገንቢ አስተያየት ሰጥተዋል» የሚል ነበር።

ሽማግሌው እንግሊዝኛ አንድም ቃል አያውቁም። በትሬይንና በኢኩዊፕ መካከል ያለውን ገደል ግን እኔ ካየኋቸው ባለ ዲግሪዎች ሁሉ የበለጠ ያውቁታል። «ላሰልጥንህ» የሚል ሰው ከሰልጣኙ ነው ሥራ የሚጠብቀው። ለመድክ ወይስ አልለመድክም? ካልለመድክ ጥፋቱ የአንተ ነው። «ላስታጥቅህ» ያለ ሰው ግን ዕዳው የራሱ ነው፤ የት አለ ቀፎው? ይባላል። ትሬይን የምትለዋ ቃል በየአዳራሹ የበዛችበት፣ ያችኛዋ ደግሞ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረችበት ምክንያት ይኸው ይመስለኛል። በአማርኛችንም ቢሆን አሰለጠነ፣ ሥልጣንና ሥልጣኔ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። አሰልጣኙ ባለ ሥልጣን ነው፣ ሰልጣኙ ገና ያልሰለጠነ ነው። (የፋሲል ከነማን አሰልጣኝ እዚህ ውስጥ አትክተቱብኝ። እሱ ተጫዋቹ ጎል ካላገባ ደጋፊው የሚጮኸው በእሱ ላይ ነው፣ የሚባረረውም መጀመሪያ እሱ ነው!)

ልጁ ይህን ሁሉ ሰምቶ ድንጋይ እየጠለዘ ሄደ። ብዙ ቆይቶ፣

«ታዲያ እኔ ምን ላስታጥቃት?» አለኝ።

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? እሷን ጠይቃት!»

ጠየቃት። ይህን የሰማሁት ከእሷ ነው። በሱቁ በር፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ሄዶ ጠየቃት። እሷም ያዘጋጀችው ነገር ያለ ይመስል ቆጥራ ነገረችው። አንደኛ፣ ትምህርቷን በማታ መቀጠል ትፈልጋለች፤ ሁለቱ የክፍል ክፍያ እሷ፣ ሁለቱ እሱ። ሁለተኛ፣ ቀለሙ ያልደበዘዘ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት። ሦስተኛ፣ በሰው ፊት ስለ እሷ በማታውቀው ቋንቋ እንዳይናገር። ሹካውን አስቀድማ ስለለመደችው አላነሳችውም።

«ሳቅሽስ?» አልኳት።

«እሱን እኔ ነኝ የማውቀው» ብላ ነጠላዋን ወደ አፏ።

መዝገበ ቃላቱን ገዝቶ አመጣላት። በዚያው ሳምንት ማታ ማታ አብረው መቀመጥ ጀመሩ። እሷ ቃል ታወጣለች፣ እሱ ያነባል፣ ሲሳሳት ትይዘዋለች። አንድ ቀን «ፎር»ን ረስቶ ፈተና አውጪ ሆኖ ተገኘና እሷ መሬት ላይ እስክትወድቅ ሳቀች። እሱም ሳቀ፤ በምን እንደሳቀ አውቆ።

ቀለበቱ እጇ ላይ ነው። ሽማግሌዎቹም መጥተው ሄደዋል። ሰርጉ በጥር ነው፣ ከጥምቀት በኋላ። ባለፈው ሳምንት ቬሎ ልንመርጥ አብረን ሄድን። ባለ ሱቋ አንዱን አወረደች፣ ጫፉ ወለሉን አልፎ እስከ በሩ የሚደርስ፣ እንደ ወንዝ የሚተኛ። ለብሳ መስተዋቱ ፊት ቆመች። ባለ ሱቋ በደስታ እጇን አጨበጨበችና፣

«ባለ ትሬይኑ ነው የሚያምርብሽ!» አለቻት።

እርስ በርስ ተያየን። በዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ ባለ ሱቋ ምን እንዳገኘን ሳይገባት፣ እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ልጅቷ አፏን ልትሸፍን ነጠላዋን ብትፈልግ የለም፣ ቬሎ ነው የለበሰችው። እጇን ተጠቀመች።

ሳቁ ሲበርድላት ጎንበስ ብላ የቀሚሱን ጭራ በእጇ መዘነችው። ከባድ ነው።

«ጥሩ ነው፣ ይህንኑ እወስዳለሁ» አለች።

«ታዲያ ማን ይይዘዋል? ሚዜዎችሽ ናቸው?» አለቻት ባለ ሱቋ።

«አይ» አለች፤ «እሱ ራሱ ይያዘው።»